ሞተር ከተቀየረ በኋላ ሚኒሞ ሲያስቸግር

ሞተር የተቀየረለት መኪና በሚኒሞ (የነዳጅ ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ እየሠራ) ሲቆም የሞተሩ ዙር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ የማስተካከያውን ብሎን ከመነካካት በፊት የራዲያተሩን ውሃ ማየት ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተሠሩ በርካታ የቶዮታና የሆንዳ ሞተሮች ላይ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተጨማሪ አየር የሚያስገባው ቫልቭ የሚዘጋው በአጠገቡ በሚያልፈው የሞተር ውሃ ሙቀት ነው፤ በቅያሪው ጊዜ በመስመሩ ውስጥ አየር ከቀረ ግን ቫልቩ ስለማይሞቅ ክፍት ይቆያል፣ ኮምፒውተሩም ዙሩ ሲበዛበት ነዳጅ እየቆረጠ መልሶ ስለሚሰጥ ሞተሩ ይዋዥቃል። ስለዚህ ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ (ትኩስ ራዲያተር መክፈት ፊት ያቃጥላል) ውሃውን ሞልቶ፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ አስነስቶ፣ አረፋው እስኪያልቅ እየጨመሩ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህም ካልፈታው፣ ከማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ቱቦ) የሚነሱትን ቀጫጭን የቫኪዩም ጎማዎች በየተራ ቆንጥጦ ዙሩ የሚለወጥበትን መፈለግ ነው።