አምቡላንሱ ናርካን ትቶላችሁ ሲሄድ

ሜሪላንድ ውስጥ ፌንታኒል የሚባለው ኃይለኛ ዕፅ የጣለው ሰው ነቅቶ «ሆስፒታል አልሄድም» ሲል፣ በብዙ ካውንቲዎች የአምቡላንስ ሠራተኞች አንድ ትንሽ ካርቶን ለቤተሰቡ ትተው ይሄዳሉ። ውስጡ በዕፅ ምክንያት የቆመ ትንፋሽ የሚመልሱ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚረጩ ሁለት የናሎክሶን መድኃኒቶች አሉ፤ ሕዝቡ የሚያውቃቸው ናርካን በሚለው ስም ነው። አይከፈልበትም።

መጀመሪያ ነገር ተቀበሉ። የኛ ሰው የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው። ልጁ ሶፋው ላይ እየተንቀጠቀጠ «እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብሎ ካርቶኑን መመለስ ገመና መሸፈን አይደለም። አምቡላንስ ካልመጣላችሁም የካውንቲው ጤና ቢሮ በነፃ ይሰጣል፤ ፋርማሲም ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል።

ቀጥሎ ቦታ ስጡት። ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ወይም ልብስ ሥር አትደብቁት፤ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ የሚያገኘው ቦታ፣ ለምሳሌ የቡናው ዕቃ አጠገብ ይሁን። በበጋ ሙቀት መኪና ውስጥ አይቆይ። ይሠራ እንደሆነ ልሞክረው ብላችሁም አትጫኑት፤ እያንዳንዱ የሚረጨው አንዴ ብቻ ነው።

ዕፅ የጣለውን ሰው የምታውቁት እንዲህ ነው። በስሙ ጥሩት፣ የደረቱን አጥንት በጭብጣችሁ አጥብቃችሁ እሹት። ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ አትጠራጠሩ። ማንኮራፋት የሚመስል የጉሮሮ ድምፅ ሲሰሙ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» የሚሉ አሉ፤ ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው። ጠቆር ያለ ሰው ከንፈሩ ሰማያዊ ላይሆን ይችላል፤ አመድማ መስሎ እንደሆነ ድዱንና ጥፍሩን እዩ።

ወዲያው 911 ደውሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ «አምሃሪክ» በሉና አስተርጓሚ እስኪገባ ስልኩን አትዝጉ። ፖሊስ ይመጣል ብላችሁ አትፍሩ፤ የሜሪላንድ ሕግ እርዳታ የጠራውንም የተጎዳውንም ዕፅ በመያዝ ከመታሰር ይጠብቃል።

ሰውየውን በጀርባው አስተኙት፣ አገጩን ቀና አድርጉ። የናርካኑን ጫፍ አንዱ አፍንጫ ውስጥ ጣቶቻችሁ አፍንጫውን እስኪነኩ አስገቡና ከሥር ያለውን ቀይ መግፊያ እስከ መጨረሻው ግፉ። እሱ ወደ ውስጥ መሳብ አያስፈልገውም። ካልተነፈሰ አፍንጫውን ይዛችሁ በየ5 ሰከንዱ አንድ ትንፋሽ በአፉ ስጡት። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ጠብቃችሁ ካልነቃ ሁለተኛውን በሌላኛው አፍንጫ። መተንፈስ ሲጀምር በጎኑ አስተኙት፤ ቢያስመልሰው እንዳያንቀው ነው።

«ሌላ ነገር ቢሆንስ?» ለሚል፦ ሰውየው ኦፒዮይድ (እንደ ፌንታኒል ያለ ዕፅ) ካልወሰደ ናርካን አይጎዳውም።

ሲነቃ ምስጋና አትጠብቁ። ሊቆጣ፣ ሊያስታውክ፣ «ለምን ቀሰቀሳችሁኝ» ሊል ይችላል፤ መድኃኒቱ የዕፁን ስሜት በአንዴ ስለሚነጥቀው ነው። ግን ብቻውን አትተዉት። ናርካን የሚሠራው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፤ ዕፁ ከዚያ በላይ ከቆየ ትንፋሹ እንደገና ሊቆም ይችላል። የሕክምና ሰው እስኪደርስ ከአጠገቡ ሆናችሁ ደረቱን እዩ።

አንዱን እንኳ ከተጠቀማችሁ በዚያው ሳምንት ሌላ ካርቶን አምጡ።