ዊንዶውስ 11 በኤስኤስዲ ላይ አልጫን ሲል

ዊንዶውስ 11ን በኤስኤስዲ (ፈጣን የማከማቻ ዲስክ) ላይ ሲጭኑ ሥራው መሐል ላይ ከተቋረጠ፣ ዲስኩ ተበላሽቷል ብለው ከመደምደምዎ በፊት ስክሪኑ ላይ የወጣውን መልእክት በጥሞና ያንብቡ። መልእክቱ ዲስኩ የኤምቢአር ሠንጠረዥ (የቆየው የዲስክ አከፋፈል ዘዴ) እንዳለው የሚገልጽ ከሆነ ችግሩ የአከፋፈል ነው፤ ኮምፒውተሩ በዩኢኤፍአይ (ባዮስን በተካው አዲሱ የማስነሻ ሥርዓት) ሲነሣ ዊንዶውስ የሚጫነው ጂፒቲ በተባለው አከፋፈል ላይ ብቻ ነውና።

በዚህ ጊዜ ሺፍትንና ኤፍ10ን አብረው ሲጫኑ በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ላይ ዲስክፓርት ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ፤ ቀጥሎም ሊስት ዲስክ በሚለው ትእዛዝ የዲስኮቹን ዝርዝር ያውጡ። 256 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠው ኤስኤስዲ እዚያ 238 ሆኖ ቢታይ አይደናገጡ፤ አቆጣጠሩ ስለሚለያይ እንጂ የጎደለ ነገር የለም። ዲስኩን በቁጥሩ ከመረጡ በኋላ ክሊን፣ ከዚያም ኮንቨርት ጂፒቲ የሚሉትን ትእዛዞች ያስገቡ። ክሊን እርግጠኛ ነዎት ወይ ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ በተመረጠው ዲስክ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ፣ በስሕተት ሌላ ዲስክ እንዳይመረጥ እኔ ሌሎቹን ዲስኮች አስቀድሞ መንቀልን እመርጣለሁ።

ኤስኤስዲው ከነጭራሹ ካልታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። 11ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ የኢንቴል ፕሮሰሰር ባላቸው ብዙ ላፕቶፖች ላይ ቪኤምዲ የተባለው መቆጣጠሪያ ስለሚሸፍነው፣ ድራይቨሩን (ዊንዶውስ መቆጣጠሪያውን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ፕሮግራም) ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ አውርደው፣ የታመቀውን ፋይል ፍላሽ ላይ ዘርግተው፣ ሎድ ድራይቨር በሚለው በኩል ያስገቡት።