በጣና ገዳማት ሥዕሎች ውስጥ ነገሥታትን እንዴት እንለያለን?

በጎጃም፣ በዘጌ የሚገኘውን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሲጎበኙ፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተሣሉትን ነገሥታት ለመለየት ከዘውዳቸው በፊት ዓይናቸውን ይመልከቱ። በአገራችን የሥዕል ሥርዓት ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ስለሚሣሉ፣ የቤተ ልሔምን ሕፃናት ያስፈጀው ሄሮድስ ዘውድ ደፍቶ ቢቀመጥም አንድ ዓይኑ ብቻ ከታየ ሠዓሊው ፍርዱን ሰጥቷል ማለት ነው። ቀጥሎ እጅን ይመልከቱ፤ በገና የሚደረድረው ንጉሥ ዳዊት ነው። ሥዕሉ በመጋረጃ ከተሸፈነ አገልጋዩን ካህን ያስፈቅዱ።

ከዚያ ወደ ሥዕሉ ግርጌ ዝቅ ይበሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩ መሳፍንትና ነገሥታት ብዙ ጊዜ የሚገኙት እዚያ ነውና። በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። በጣሊያን ራቬና፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሞዛይክ ሥዕል፣ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ሐምራዊ ለብሶ፣ በራሱ ዙሪያ አክሊለ ብርሃን ተደርጎለት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በእኔ አመለካከት ግን የእቴጌይቱ ትሕትና ከዚህ ግርማ ይልቅ ልብ ይነካል።

የዓይኑን ሥርዓት ከቦታውና ከዘመኑ ውጭ አይጠቀሙበት። በጥንታዊት ግብፅ ፈርዖኖች ራሳቸው በጎን ይሣሉ ነበር፤ ክብራቸው የሚታወቀው ከጠላቶቻቸው እጅግ ገዝፈው በመሣላቸው ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛናም በወርቅ ገንዘቡ ላይ ፊቱ በጎን ተቀርጾ፣ በግራና በቀኝ የእህል ዛላ አጅቦታል።