ለስላሳ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን በጭፈራ ቤት እንዴት ማጫወት ይቻላል

ለስላሳ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ለጭፈራ ቤት ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለው ጥያቄ በዲጄዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣ ሲሆን፣ የሚሰጠው መልስ ግን ብዙውን ጊዜ ጽንፍ የያዘ ነው። አንደኛው ወገን ሰው የመጣው ሊጨፍር ስለሆነ ረጋ ያለ ነገር ለቤት ይቆይ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ሙዚቃው ጥሩ እስከሆነ ድረስ በየትኛውም ሰዓት መጫወት አለበት ባይ ነው። እኔ ከሁለቱም አልስማማም። ልስላሴው በዜማው፣ በኮርዱ (አብረው በሚሰሙት ኖታዎች) እና በድምፁ ቀለም ላይ ያረፈ ከሆነ ሙዚቃው መድረኩን፣ ማለትም የመጨፈሪያውን ቦታ፣ አጥብቆ ሊይዝ ይችላል፤ ልስላሴው ምቱንና ቤዙን (ወፍራሙን የታችኛው ድምፅ) የነካ ከሆነ ግን ጨፋሪው ቆሞ ማውራት ይጀምራል። ስለዚህ የዲጄው የመጀመሪያ ሥራ ሁለቱን መለየት ሲሆን፣ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ሰዓቱን፣ ሽግግሩንና የድምፁን አያያዝ ማስተካከል ነው።

ትራኩን አስቀድሞ መመርመር

ለስላሳ ተብለው የሚመደቡት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ዘርፎች እርስ በርሳቸው በእጅጉ ይለያያሉ። አምቢየንት አብዛኛውን ጊዜ ግልጽ ምት የለውም፤ ዳውንቴምፖ በደቂቃ ከ80 እስከ 110 በሚደርስ ምት ይጓዛል፤ ዲፕ ሃውስ በጥቅሉ ከ115 እስከ 125 ባለው ውስጥ ይገኛል፤ ድራም ኤንድ ቤዝ ደግሞ ወደ 170 እና ከዚያም በላይ ይሮጣል። ፍጥነትና ልስላሴ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በግልጽ የሚያሳየው ይህ የመጨረሻው ዘርፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ለንደን ውስጥ ኤልቲጄ ቡኬም የተባለው ዲጄ ረጋ ያሉ የሲንተሳይዘር ድምፆችን በፈጣን የከበሮ ምት ላይ እያነጠፈ ሰዉን ያስጨፍር ነበር። ከዚያ በፊትም በ1980ዎቹ አጋማሽ የቺካጎው ላሪ ኸርድ ሞቅታና ትካዜ የተቀላቀለባቸውን ኮርዶች በማይናወጥ የድራም ማሽን ምት ላይ በማሳረፍ ለዲፕ ሃውስ መሠረት ከጣሉት ሙዚቀኞች አንዱ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1993 በርሊን ላይ የተመሠረተው ቤዚክ ቻነል የተባለው የሙዚቃ አሳታሚም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው፤ በብዙዎቹ ሥራዎቹ ውስጥ ኮርዶቹ በማስተጋባት ውስጥ እየደበዘዙ ሲጠፉ ከሥር ያለው ኪክ (ወፍራሙ የከበሮ ምት) ግን ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ሦስቱም የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ ላይኛው ሽፋን የፈለገውን ያህል ቢለሰልስ ታችኛው ክፍል ጸንቶ ከቆመ ሰውነት መንቀሳቀሱን አይተውም።

አንድ ትራክ ለመድረክ ይሆን እንደሆነ ለማወቅ በሚክሰሩ (ትራኮችን በሚያዋህደው መሣሪያ) ላይ መካከለኛውንና ከፍተኛውን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ቀንሰው ቤዙንና ኪኩን ብቻ ያድምጡ። በዚህ ሁኔታ ለሁለት ደቂቃ ያህል ሲያዳምጡት እግርዎ ምቱን መከተል ካላቆመ ትራኩ ጨፋሪ ይሸከማል። ዜማው ሲጠፋ ምንም የሚቀር ነገር ከሌለ ግን፣ በጆሮ ማዳመጫ የቱንም ያህል ቢያስደስት፣ ለመክፈቻ ወይም ለመዝጊያ እንጂ ለመካከለኛው ሰዓት አይሆንም። ቀጥሎም ሃይሃቱን ወይም ሌላውን ቀጭን የከበሮ ድምፅ ይመርምሩ፤ በኪኮቹ መካከል የሚመጣው ይህ ድምፅ ጨፋሪው ቀጣዩን እርምጃ አስቀድሞ እንዲጠብቅ የሚያደርግ በመሆኑ፣ እርሱ በሌለበት ቦታ ኪኩ ብቻውን ከባድና የተንቀረፈፈ ይሆናል።

ምት የሌለባቸውን ክፍሎች ርዝመት መቁጠርም ያስፈልጋል። በደቂቃ 120 ምት ባለው ሙዚቃ አራት ምት የያዘ አንድ ባር ሁለት ሰከንድ ይፈጃል፤ ስለዚህ የ16 ባር ብሬክዳውን (ምቱ የሚቋረጥበት ክፍል) ከግማሽ ደቂቃ በላይ፣ የ32 ባር ደግሞ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይቆያል። ለስላሳ ትራኮች በዚህ ረገድ ለጋስ ናቸው። እኔ ከ16 ባር የሚበልጥ ብሬክዳውን ያለውን ትራክ በሞቀው ሰዓት ሳጫውት፣ ቀጣዩን ትራክ በዚያው ክፍል ላይ ማስገባትን ወይም ክፍሉን በሉፕ (ምት ያለበትን ቁራጭ እየደጋገሙ በማጫወት) አሳጥሮ ማለፍን እመርጣለሁ።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳይ ስቴሪዮ ነው። ለስላሳ ሙዚቃ ውበቱን የሚያገኘው ወደ ግራና ቀኝ ከተዘረጉ ሰፋፊ ድምፆች ሲሆን፣ በርካታ የጭፈራ ቤት የድምፅ መሣሪያዎች ግን ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲሰማ ተብሎ በሞኖ የተገጠሙ ናቸው። ግራና ቀኙ ወደ አንድ ሲጠቃለሉ እርስ በርስ የሚጠፋፉ ድምፆች አሉ፤ በቤት ውስጥ የትራኩ ልብ የነበረው ድምፅ በክለቡ ውስጥ ሊከስም ይችላል። ስለዚህ ምርጫዎን ከማጽናትዎ በፊት ሚክሰሩን ወይም ሶፍትዌሩን ወደ ሞኖ ቀይረው እያንዳንዱን ትራክ አንድ ጊዜ ያድምጡ። የፋይሉ ጥራትም እንዲሁ ነው፤ በከባድ ቴክኖ ውስጥ የሚሸፈን የተጨመቀ ፋይል ጉድለት ረጅም እየሆነ በሚደበዝዝ ድምፅ ላይ ወዲያው ይጋለጣል። በመሆኑም ዋቭ (ያልተጨመቀ ፋይል)፣ ካልሆነም በሰከንድ 320 ኪሎ ቢት የተዘጋጀ ኤምፒስሪ ይጠቀሙ።

ሰዓቱን መምረጥ

የሌሊቱ መክፈቻ ለስላሳ ሙዚቃ ያለ ክርክር የሚገባበት ጊዜ ነው። የሚገባው ሰው ገና ዙሪያውን እየቃኘ፣ ከጓደኞቹ ጋር እየተጨዋወተ ስለሆነ ብርቱ ምት ያስጨንቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 ኒው ዮርክ ውስጥ ዘ ሎፍት የተሰኘውን የግል ድግስ የጀመረው ዴቪድ ማንኩሶ ሌሊቱን በረጋ ሙዚቃ ከፍቶ፣ ቀስ በቀስ ወደ ሞቀው ክፍል ካወጣ በኋላ፣ ሰዉን እንደገና በእርጋታ አውርዶ ያሰናብት ነበር። ይህ አካሄድ ዛሬም ከሁሉ የተሻለው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ለስላሳው ሙዚቃ የጊዜ ማሳለፊያ ሳይሆን የአንድ ጉዞ ክፍል ሆኖ ይሰማል።

በሞቀው ሰዓትም ቢሆን ቦታ አለው፤ ነገር ግን ሊገኝ የሚገባው ቦታ እንጂ የሚወሰድ ቦታ አይደለም። ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጠንካራ ምት ሲጫወት ከቆየ በኋላ የሚመጣ አንድ ወይም ሁለት ለስላሳ ትራክ ጆሮንም ሰውነትንም ያሳርፋል፣ ከርሱም በኋላ የሚመለሰው ጠንካራ ምት ኃይሉ ይታደሳል። ያለማቋረጥ ከፍ ያለ ነገር ከፍ ማለቱ መሰማቱን ያቆማልና። አጫዋቹ የተሰጠው ጊዜ አንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ ወይም ከእርሱ በፊት የነበረው ዲጄ መድረኩን በፈጣን ሙዚቃ አግሎት ከወረደ ግን ይህን ባይሞክር ይሻላል፤ ሰዉ በአዲሱ አጫዋች ላይ እምነት ሳያሳድር ፍጥነቱ ሲወርድበት እንደ እረፍት ሳይሆን እንደ መቋረጥ ይቆጥረዋል።

ምት አልባው አምቢየንት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን ውስጥ ሄቨን በተባለው ክለብ ዋናው አዳራሽ በሃውስ ሲናጥ፣ ሙዚቀኞቹ አሌክስ ፓተርሰንና ጂሚ ኮቲ በላይኛው ክፍል ምት አልባና ረጋ ያለ ሙዚቃ ያጫውቱ ነበር፤ ከጭፈራው የደከመው ሰው ወደዚያ እየወጣ ያርፋል። ይህ ተሞክሮ ቺልአውት ክፍል የሚባለውን አሠራር በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ ነው። ክለቡ ሁለተኛ ክፍል ካለው እንዲህ ያለው ሙዚቃ ቦታው እዚያ ነው። ክፍሉ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ አምቢየንትን እንደ መሸጋገሪያ፣ ቢበዛ ለአንድ ደቂቃ ያህል በሁለት ትራኮች መካከል መጠቀም ይቻላል።

መግባትና መውጣት

ለስላሳ ሙዚቃ መድረክ ባዶ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጉድለት ሳይሆን በሽግግሩ ድንገተኛነት ነው። ከ124 ምት ወደ 112 መውረድ የፈለገ ዲጄ በአንድ ትራክ ከሚወርድ ይልቅ በየትራኩ ሁለት ሁለት ምት እየቀነሰ በስድስት ትራክ ቢወርድ ጨፋሪው ሳያስተውለው እዚያ ይደርሳል። እስከዚያ የሚያስጠብቅ ጊዜ ከሌለ የእጥፍ ስሌትን መጠቀም ይቻላል፤ በደቂቃ 86 ምት ያለው ዳውንቴምፖ 172 ምት ካለው ድራም ኤንድ ቤዝ ጋር ያለ ምንም የፍጥነት ለውጥ ይገጥማል፣ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል ሁለት ዓለማትን በአንድ ባር ውስጥ ያገናኛል። ሲሳካ ከዚህ የሚበልጥ ሽግግር የለም።

ፍጥነት ሲለወጥ የድምፁ ከፍታም አብሮ እንደሚለወጥ መዘንጋት የለበትም፤ የስድስት በመቶ ለውጥ ሙዚቃውን በግማሽ ቶን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ዘመናዊ ማጫወቻዎች ከፍታውን ሳይነኩ ፍጥነቱን ብቻ የሚቀይር ቁልፍ አላቸው፤ ይሁንና ረጃጅም ድምፆች ያሉትን ሙዚቃ በዚህ መንገድ ከመጠን በላይ ሲያስረዝሙት ድምፁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከሦስት ወይም ከአራት በመቶ አለማለፍ ደኅና ልክ ነው።

የከበሮ ምት ብቻ ያላቸው ሁለት ትራኮች በተለያየ ኪይ (ዜማው በሚመሠረትበት መነሻ ኖታና ስኬል) ቢሠሩም እምብዛም አይጋጩም። ለስላሳ ሙዚቃ ግን በረጃጅም ኮርዶች የተሞላ በመሆኑ ግጭቱ ሙዚቃ የማያውቀውን ሰው ሳይቀር ያስደነግጣል። ስለዚህ ተመሳሳይ ኪይ ያላቸውን፣ ኪያቸው በአምስተኛ ኖታ ርቀት የሚጎራበቱትን (ለምሳሌ ሲ እና ጂ) ወይም አንድ ዓይነት ኖታዎችን የሚጋሩ ሜጀርና ማይነር የሆኑትን (ለምሳሌ ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር) ትራኮች ያጣምሩ፤ የማይገጥሙ ከሆኑ ደግሞ ኮርዱ በሌለበት፣ ከበሮ ብቻ በቀረበት መግቢያና መውጫ ላይ ያገናኟቸው። ማዋሃዱን ረጅም ያድርጉት፤ ከ32 እስከ 64 ባር የሚደርስ ሽግግር ለዚህ ሙዚቃ ይስማማዋል። ይሁን እንጂ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የሚሰማው ቤዝ የአንዱ ትራክ ብቻ መሆን አለበት፤ የሁለቱ ቤዝ ሲደራረብ ምቱ ይደፈናል፣ ቀደም ብሎ የተነገረው ታችኛው ጥንካሬም ይጠፋል።

ድምፁን ማስተካከል

እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ይበልጥ መስማት ይሳነዋል። ይህ ለለስላሳ ሙዚቃ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም የሚጫወተው ብዙውን ጊዜ የክለቡ ድምፅ ገና ዝቅ ባለበት በመክፈቻው ሰዓት በመሆኑ፣ ትራኩን የሚሸከመው ቤዝ ሳይሰማ ይቀራል። በዚያ ሰዓት ቤዙን በኢኪው (በድምፅ ማመጣጠኛው) ጥቂት ከፍ ማድረግ፣ አጠቃላዩ ድምፅ እየጨመረ ሲሄድም ወደ መደበኛው መመለስ ይገባል። ከ200 እስከ 500 ሄርዝ አካባቢ ያለው ክፍል ደግሞ የፓዶች (ረጃጅምና ለስላሳ የሲንተሳይዘር ድምፆች) እና የኮርዶች መከማቻ ስለሆነ፣ ድምፁ የታፈነ ሲመስል መጀመሪያ የሚቀነሰው እርሱ ነው።

ለስላሳ ትራኮች ከሌሎቹ ዝቅ ባለ ድምፅ የተቀረጹ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ትራኩ ከመግባቱ በፊት በሄድፎን እያዳመጡ ጌይኑን (የሚገባውን ድምፅ መጠን) ከሚጫወተው ጋር ያመጣጥኑ፤ የሚክሰሩ ቀይ መብራት እስኪበራ ድረስ ግን አይግፉት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች ባወጣው መመዘኛ፣ የ15 ደቂቃ አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥና ሰው ጆሮውን የሚያሳርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ እንዲዘጋጅ ይመክራል። ለስላሳ ሙዚቃ ከዚያ በታች ሆኖም ሙሉ ሆኖ ይሰማል፤ እንዲያውም ዝርዝሩ የሚገለጠው በዚያ ልክ ሲሆን ነው።

መብራቱን የሚቆጣጠር ሰው ካለ አስቀድመው ይንገሩት። በለስላሳው ክፍል ላይ የሚብለጨለጭ መብራት ሙዚቃውን ያፈርሰዋል።

ጨፋሪውን መከታተል

ለስላሳው ትራክ ሲገባ የእጅና የጩኸት መቀነስ አያስደንግጥዎ። ሊታይ የሚገባው እግርና ትከሻ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ በቦታው የሚወዛወዝ ሰው ከሚጮኸው ይልቅ ወደ ሙዚቃው ገብቷል። አንድ አንድ ሰው ከመድረኩ ቢወጣ ለመጠጥ ወይም ለአየር ነው፤ በቡድን ሲወጡ ግን ሙዚቃው ለቋቸዋል ማለት ነው። ከሁሉ የሚታመነው ምልክት ወሬ ሲሆን፣ በመድረኩ መካከል ያሉት ሰዎች ፊት ለፊት ተያይተው ማውራት ከጀመሩ ምቱ ላልቷል።

ይህ ሲሆን ትራኩን በድንጋጤ አይቁረጡ። በሌላኛው ማጫወቻ ላይ ከዚሁ ኪይ ጋር የሚስማማና ከበሮው የጠነከረ ትራክ አዘጋጅተው፣ የእርሱን ሃይሃት ብቻ ከፍ አድርገው በለስላሳው ላይ ያስገቡ፤ ከ16 ባር በኋላ ቤዙን ወደ አዲሱ ያዛውሩ፣ የቀድሞውን ኮርድ ግን ለተጨማሪ ጥቂት ባሮች ይተዉት። በዚህ መንገድ ዜማው ሳይቋረጥ ምቱ ይመለሳል፣ ከመድረኩ ጫፍ ቆመው የነበሩትም አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይመለሳሉ።