ማክሰኞ የሚደወልለት ሰው፦ ከቡድን ቡድን የሚዞር ኪከር ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ 32 ቡድኖች አሉ። ቡድን ለጨዋታ የሚያሰልፈው ኪከር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። በዚያ ሰፊ አገር ያለው ቋሚ ሥራ 32 ነው ማለት ነው፤ ለፈላጊው ብዛት ኢምንት።

ኪከር ኳሷን በሁለቱ ቋሚዎች መሀል በእግሩ አሳልፎ ነጥብ የሚያስቆጥረው ሰውዬ ነው። ጥቂቶቹ አንድ ቡድን ውስጥ ያረጃሉ። የቀሩት ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ይዞራሉ። እነዚህን ዘዋሪዎች ዓመታት ስከታተል አንድ ነገር ታዝቤአለሁ፦ እንጀራቸው የሚበላሸው ሜዳ ላይ ብቻ አይደለም።

በእግር ጉልበት መመካት

ወጣት ኪከር መጀመሪያ የሚያፈቅረው ርቀትን ነው። ከ60 ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) ሲያገባ ተቀርጾ ለጓደኞቹ ይልካል። ግን ከ60 ያርድ ስቶ የተባረረ ብዙም አላየሁም። የሚያባርረው 33ቱ ነው። ከ2015 ወዲህ ከተች ዳውን (ኳሷን የተጋጣሚ ጎል ክልል ከማድረስ) በኋላ የምትመታዋ የአንድ ነጥብ ኳስ ከ20 ያርድ ገደማ ወደ 33 ተገፍታለች። በቋሚዎቹ መሀል ያለው ስፋት 5.6 ሜትር ገደማ ነው። ኳሷ ከመሬት ተነሥታ እስክትመታ ያለው ጊዜ ደግሞ 1.3 ሰከንድ አካባቢ። ስለ ጉልበት ለማሰብ ፋታ የለም፣ ሁልጊዜ ያው አንድ ዓይነት ምት መሆን አለበት።

ሮቤርቶ አጉዋዮን አስታውሱ። የታምፓ ቤይ ቡድን በ2016 ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚወስዱበት ምርጫ፣ በሁለተኛው ዙር 59ኛ አድርጎ ወሰደው። ለኪከር እንዲህ ያለ ቦታ ብርቅ ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ 31 ፊልድ ጎል (የሦስት ነጥብ ምት) ሞክሮ 22 አገባ። በቀጣዩ ኦገስት ተሰናበተ። አዳም ቪናቲየሪ በምርጫው ቀን ስሙን የጠራለት አልነበረም። አምስተርዳም ሄዶ ተጫውቶ ነው ኒው ኢንግላንድ የገባው። 24 የውድድር ዘመን ተጫውቶ በ2,673 ነጥብ የሊጉ የምንጊዜም ባለሪከርድ ሆነ።

ኳስ የሚይዘውን ሰው መርሳት

ይሄ ነው ብዙ ሰው የማያየው። አንድ ምት የሦስት ሰው ሥራ ነው። ስናፐሩ በእግሮቹ መሀል ወደ ኋላ ይወረውራል። ሆልደሩ ተንበርክኮ ይቀበልና መሬት ላይ ያቆማታል፣ የክሩን መስፊያም ወደ ጎሉ ያዞራል። ከዚያ ነው ኪከሩ የሚመጣው።

ጃንዋሪ 10 ቀን 2016፣ ሚኒያፖሊስ። ብርዱ ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ሚኒሶታ በሲያትል 10 ለ 9 ተመርቷል፣ ለማለቅ ግማሽ ደቂቃ እንኳ የለም። ዘጠኙንም ነጥብ ያስቆጠረው ብሌር ዋልሽ ነው። የቀረችው ኳስ 27 ያርድ ናት፣ ለእሱ ቁርስ ማለት ናት። መታት፤ በግራ በኩል ወጣች። ምስሉን ስታዩት ክሩ ወደ ዋልሽ እግር ዞሮ ነበር። እሱ ግን ሆልደሩ ላይ አላሳበበም፣ ጥፋቱን ራሱ ወሰደ። በኖቬምበር ቡድኑ አሰናበተው።

ዘዋሪ ኪከር ረቡዕ አዲስ ቡድን ገብቶ እሑድ ይጫወታል። ሆልደሩን አያውቀውም። ብዙዎቹ መጀመሪያ አሠልጣኙን ለማስደሰት ይሮጣሉ። እኔ ብሆን ሆልደሩን ቡና ጋብዤ ነበር የምጀምረው። ኳሷን ምን ያህል ያዘነብላታል? ወደ የት? እነዚህ ጥያቄዎች እሑድ ከሰዓት አይጠየቁም።

ሳይበርድ ካሜራ ፊት መቅረብ

ኮዲ ፓርኪ የቺካጎ ኪከር ነበር። የአራት ዓመት፣ የ15 ሚሊዮን ዶላር ውል፣ 9 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው። ጃንዋሪ 6 ቀን 2019 ከፊላደልፊያ ጋር በነበረው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ የ43 ያርድ ኳሱ የግራውን ቋሚ መታች፣ ወርዳ አግዳሚውን መታች፣ ተመልሳ ሜዳ ላይ ወደቀች። 16 ለ 15 ተሸነፉ። ኋላ ሲታይ አንድ ተከላካይ በጣቱ ነክቷት ነበር። ሊጉም ተጨናግፋለች ብሎ መዘገባት። ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ፓርኪ ግን በዚያው ሳምንት ብቻውን የጠዋት ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። አሠልጣኙ አልወደደለትም፣ ቡድኑ እያዘነ አንተ ስለ ራስህ ዓይነት ነገር። በማርች ተሰናበተ።

ስልክ እየጠበቁ ቤት መቀመጥ

ማክሰኞ የተጫዋቾች የዕረፍት ቀን ነው። ቡድኖች ሥራ ፈት ኪከሮችን ጠርተው የሚፈትኑትም አብዛኛውን ጊዜ ያን ቀን ነው። ማታ ይደወላል፣ በሌሊት አውሮፕላን ይሄዳል፣ ጠዋት ሦስትና አራት ሰው ሆኖ ያንኑ ቦታ ለማግኘት አንድ ሜዳ ላይ በተራ ይመታል። ያኔ ሰውነትን ማሟሟቅ የጀመረ ሰው አልቆለታል። ሮቢ ጉልድ በ2005 ቺካጎ ሲደውልለት የግንባታ ሥራ ላይ ነበር፣ እግሩ ግን ዝግጁ ነበር። ብራንደን ኦብሪ ደግሞ የእግር ኳስ ተጫዋች ነበር፣ ከዚያ የሶፍትዌር መሐንዲስ ሆነ። ዩኤስኤፍኤል ይባል በነበረው ትንሽ ሊግ ሁለት ዓመት ታይቶ በ2023 ዳላስ ገባ። የመጀመሪያዎቹን 35 ፊልድ ጎሎች በተከታታይ አገባ።

ውሉን ሳያነቡ ቤት መከራየት

ባጭሩ፣ የዓመት ኪራይ አይፈረምም። አብዛኛው የኪከር ውል ዋስትና የለውም። ግን ቀኑን መቁጠር ያዋጣል፦ ቢያንስ ሦስት ጨዋታ ቡድን ውስጥ የተገኘበት ዘመን ለጡረታ ይታሰባል፣ እንዲህ ያለ ሦስት ዘመን ሲሞላ ጡረታው ይጸናል። ነባር ተጫዋች በመጀመሪያው ሳምንት ቡድኑ ውስጥ ካለ የዓመት ደመወዙ ይጠበቅለታል። ስለዚህ አንዳንድ ቡድን ሆን ብሎ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው የሚደውለው።

በር ዘግቶ መውጣት

ኒክ ፎክ በ2017 በታምፓ ቤይ ማሊያ ኒው ኢንግላንድ ላይ በአንድ ምሽት ሦስት ፊልድ ጎል ሳተ። 19 ለ 14 ተሸነፉ። ብዙም ሳይቆይ ከቡድኑ ወጣ። በ2018 የትም አልተጫወተም። በ2019 መጀመሪያ ከአሪዞና ጋር ጊዜውን ሳይጨርስ በተዘጋ አዲስ ሊግ ውስጥ መታ። በዚያው ዓመት መጸው ላይ የቀጠረው ማን መሰላችሁ? ያ ሲስት ያየው ኒው ኢንግላንድ።

በኖቬምበር መጨረሻ ትርፍ አንጀቱን ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ቡድኑም ወዲያው አሰናብቶ ሌላ ኪከር አስገባ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቀየማል። ፎክ አልተቀየመም። የተካው ሰው አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፣ ፎክ በሳምንቱ ተጠራ፣ ስፌቱ ሳይደርቅ ካንሳስ ሲቲ ላይ መታ። በ2023 በቴነሲ ከ30 ፊልድ ጎል 29 አገባ። በ2025፣ በ40 ዓመቱ፣ ያሰናበተው የኒውዮርክ ጄትስ መልሶ ቀጠረው።