የሚንጠባጠበው ቧንቧና ሌሎች የማይጮሁ ሥራዎች

የወጥ ቤቴ ቧንቧ መንጠባጠብ የጀመረው ሌሊት ነው። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ተነስቼ ጠበቅ አድርጌ ዘጋሁትና ተመልሼ ተኛሁ። በማግስቱም ያው። በሦስተኛው ቀን ድምፁ እንቅልፍ ሲነሳኝ ስሩ ስፖንጅ አስቀመጥኩለት። ድምፁ ጠፋ። አሁን ሳስበው በራሴ እስቃለሁ እንጂ ያኔ ችግሩን የፈታሁ ነው የመሰለኝ። ስፖንጁ እዚያው አምስት ወር ተቀመጠ።

ልጅ እያለን እንዲህ ያለውን ነገር "የሆነ ሰው" ይሠራው ነበር። አምፖል ተቃጥሎ እናድራለን፣ በማግስቱ ይበራል። የክትባት ካርዳችን የት እንዳለ አናውቅም፣ ሲፈለግ ግን ከሆነ መሳቢያ ይወጣል። ከዚያ አንድ ቀን ብቻችንን መኖር እንጀምርና አምፖሉ ይቃጠላል። አንድ ሳምንት ሙሉ በጨለማ ሽንት ቤት ስንገባ ከቆየን በኋላ ነው ያ የሆነ ሰው እኛው መሆናችን የሚገባን። ስለ ትልልቁ ነገር፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ትዳሩ፣ መካሪ ሞልቷል። ስለ ቧንቧው ግን ቁጭ አድርጎ የሚያስተምር የለም። እኔም እየከሰርኩ ነው ያወቅኩት፤ የሚከተለውንም የከሰረ ሰው ምክር ብላችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ጠላትን ማወቅ ነው። እነዚህ ሥራዎች የሚያሸንፉን ስለማይጮሁ ነው። በሰከንድ አንዴ የሚንጠባጠብ ቧንቧ በቀን 86,400 ጊዜ ይንጠባጠባል፤ ሲጠራቀም 20 ሊትር ገደማ ይደርሳል። ከቧንቧው ስር ቆማችሁ ስታዩት ግን አንዲት ጠብታ ናት፣ ማን ከቁብ ይቆጥራታል? ጥርስም እንደዚሁ ነው። የጥርስ የላይኛው ሽፋን ነርቭ የለውም፤ ስለዚህ መበስበስ ሲጀምር ምንም አያምም። የሚያመው ቀዳዳው ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ነው፣ ያኔ ደግሞ በቀላል ሙሌት የሚያልቀው ነገር የነርቭ ሕክምና ሆኖ ይጠብቃችኋል። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱንም አየኋቸው፣ ቧንቧውንም ጥርሱንም። የጥርስ ሐኪሟ "መቼ ነው የጀመረህ?" ስትለኝ የስፖንጁ ነገር ትዝ አለኝ፤ ለካ በዚያኛው ጎኔ ማኘክ ካቆምኩ ወራት አልፈዋል። ጥርሴም ስር ስፖንጅ አስቀምጬ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ዋናው ብልሃት ለማይጮህ ነገር ደወል ማበጀት ነው። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ከጭንቅላት አውጥቶ መጻፍ፣ ግን በግሥ

ሁሉም ሰው ዝርዝር ጻፉ ይላል። እኔም ለዓመታት ጽፌያለሁ፣ አንዱንም ሳልሠራ። ምክንያቱ ቆይቶ ነው የገባኝ። ዝርዝሬ ላይ "ቧንቧ" ይላል። "መታወቂያ" ይላል። "ጥርስ" ይላል። ይህ ሥራ አይደለም፣ ወቀሳ ነው። ወረቀቱን ባየሁት ቁጥር ይሰድበኛል፣ ከየት እንደምጀምር ግን አይነግረኝም።

አንድ ቅዳሜ "ቧንቧ" የሚለውን ሰረዝኩና "ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ መፈለግ" ብዬ ጻፍኩ። አምስት ደቂቃ ፈጀ። መዝጊያውን ካገኘሁ በኋላማ ቀጣዩ ራሱ መጣ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ የምትጽፉት ነገር በእጅ ወይም በእግር የሚሠራ መጀመሪያ መሆን አለበት። "ጥርስ" ሳይሆን "ለክሊኒኩ ደውሎ ቀጠሮ መያዝ"። ያም ከከበደ "የክሊኒኩን ቁጥር ፈልጎ መመዝገብ"። ይሉኝታ አይያዛችሁ፣ ወረቀቱን የሚያየው ሌላ ሰው የለም።

ዝርዝሩም አንድ ቦታ ብቻ ይሁን። ግማሹ ስልክ ላይ፣ ግማሹ ደብተር ላይ፣ ግማሹ መስታወት ላይ ተለጥፎ ከሆነ (ሦስት ግማሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ የኔ ግን እንደዚያ ነበር) ዝርዝሩን መፈለግ ራሱ ሌላ ሥራ ይሆናል።

ቧንቧውን ከጀመርኩት ላይቀር ልጨርሰው፣ ምናልባት እናንተም ቤት ይንጠባጠብ ይሆናል። ዋናውን መዝጊያ ዝጉ። ከዚያ ቧንቧውን ክፈቱትና የቀረው ውሃ ይፍሰስ። የማጠቢያውን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑ፤ እኔ ሳልደፍን ጀምሬ ብሎኗ ወደ ታች ወርዳለች፣ ግማሽ ቀን በሷ ሄደ። እያንዳንዱን ዕቃ ስትፈቱ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ስትገጥሙ ከኋላ ወደ ፊት እያያችሁ ትመልሱታላችሁ። በሚሽከረከር እጀታ የሚዘጋ ዓይነት ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ ውስጥ ያለችው ያለቀች ትንሽ ጎማ ናት። ወደ ላይና ወደ ታች በሚል እጀታ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ በሙሉ ይቀየራል። በሁለቱም መንገድ አሮጌውን ይዛችሁ ነው ዕቃ መግዛት የሚኬደው፤ "መካከለኛ መጠን" ብሎ በቃል መግዛት ሁለቴ ያመላልሳል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳና መፍቻ ካላችሁ ይበቃል። ብሎኑ ዝጎ አልፈታ ካለ ግን አትታገሉት፣ ቧንቧው ከግድግዳው ጋር ቢሰበር የጎማው ጉዳይ የግድግዳ ጉዳይ ይሆናል። ያኔ ባለሙያ ጥሩ።

ጊዜውን እጥፍ አድርጉት

ግማሽ ሰዓት ብዬ የጀመርኩት ቧንቧ ከሰዓቱን ሙሉ በላው። ስንፍናዬ ነው ብዬ ተቆጣሁ። ነገሩ ግን የኔ ብቻ አይደለም። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ሰው የራሱ ሥራ የሚፈጀውን ጊዜ አሳንሶ የመገመት ዝንባሌ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ1979 ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎችን መቼ ትጨርሳላችሁ ብሎ ጠየቀ። በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። የፈጀባቸው 55 ቀን ተኩል ነው። የሚገርመው፣ ሰው ከዚህ በፊት እንደዘገየ እያወቀ እንኳ "የአሁኑ ይለያል" ይላል።

አይለይም። እኔ አሁን ግማሽ ሰዓት የመሰለኝን አንድ ሰዓት እይዝለታለሁ፣ ሌላ ሰው መጠበቅ ካለበት ደግሞ ሙሉ ቀን። ቶሎ ካለቀ ትርፉ የኔ ነው።

አዲሱን ሥራ አሮጌው ላይ አስሩት

የስልክ ማስታወሻ ጥሩ ነው፣ ለሁለት ሳምንት። ከዚያ ጣታችሁ ሳታዩት ማጥፋት ይለምዳል። የኔ ሲጮህ በእንቅልፍ ልቤ ሁሉ አጠፋዋለሁ። ከዚያ የተሻለ የሠራልኝ፣ ማድረግ ያለብኝን ድሮም ከማደርገው ነገር ጋር ማያያዝ ነው። ጥርሴን ከቦረሽኩ በኋላ መድኃኒቴን እውጣለሁ። ከቤት ልወጣ ጫማ ሳስር ቆሻሻውን በሩ ጋ አኖራለሁ። ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ፣ ልብሱ እስኪያልቅ ድረስ የሳምንቱን ወረቀትና ሂሳብ አያለሁ። ልብስ ማጠቡ ነው ደወሉ።

ለንደን ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት እንዲህ ያለ ልማድ ሳያስቡት የሚሠራ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አሳይቷል፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ስለዚህ በሦስት ሳምንት ካልለመዳችሁ "እኔ አልችልበትም" አትበሉ፣ ምናልባት ከባለ 254ዎቹ ናችሁ። ለኔ ደግሞ ከቁጥሩ ይልቅ የጠቀመኝ ሌላው ውጤት ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ነገሩን አያበላሸውም። እኔ አንድ ቀን ከዘለልኩ ተበላሽቷል ብዬ ወር የምተው ሰው ነበርኩ።

ወረቀት

የወረቀት ነገር የሚያስለቅሰው ሲፈለግ ነው። አንድ ትልቅ ፖስታ ወይም ክላሰር ያዙ፤ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ውል፣ የሕክምና ወረቀት፣ ሁሉም እዚያ ይግባ። በሥርዓት መደርደር የለበትም፣ አንድ ቦታ መሆኑ ይበቃል። እያንዳንዱን ፎቶ አንስታችሁ ከስልካችሁ ሌላ አንድ ቦታ አስቀምጡ። ስልክ ይጠፋል።

ከዚያ ጊዜው የሚያልፍበትን ነገር ሁሉ ቀኑን ጻፉ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፓስፖርት ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ላይ ነው የሚያልፈው ብላችሁ እንዳትተማመኑ፤ ብዙ አገሮች ለመግባት ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ፓስፖርት ይጠይቃሉ። እኔ ለራሴ የጻፍኩት ደወል ከማለቂያው ቀን ዘጠኝ ወር በፊት ነው።

ገንዘብ ላይ አልቆይም፣ ብዙ ተብሏል። የረዳኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በዓመት አንዴ የሚመጣ ክፍያ ሁልጊዜ ድንገተኛ ይመስለኝ ነበር፣ በየዓመቱ በዚያው ወር እየመጣ። አሁን ለ12 አካፍዬ ደመወዝ በገባ ቀን፣ ሌላ ነገር ሳልነካ፣ ለብቻው አወጣዋለሁ። ወሩ መጨረሻ ላይ የተረፈውን እቆጥባለሁ ካላችሁ አይተርፍም።

ስልክ መደወል

ይሄንን መጻፍ ትንሽ ያሳፍረኛል። ስልክ መደወል እፈራ ነበር። ለጓደኛ አይደለም፣ ለቢሮ፣ ለክሊኒክ፣ ለቤት አከራይ። ቁጥሩን አውጥቼ አየዋለሁ፣ ከዚያ ውሃ ልጠጣ ብዬ እነሳለሁ፣ ከዚያ የምሳ ሰዓት ደረሰ፣ አሁን ማን ያነሳል እላለሁ። የጥርሱ ወራት ያለፉት እንዲህ ነው እንጂ ገንዘብም ጊዜም ቸግሮኝ አልነበረም። ከብዙ ሰው ጋር ሳወራ ደግሞ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ነው ያወቅኩት፤ ትልልቅ ሰዎች፣ ሌላ ሰው የሚያስተዳድሩ ሰዎች፣ አንድ ስልክ ሦስት ሳምንት ያሳድራሉ።

የሠራልኝ ይሄ ነው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በወረቀት እጽፋለሁ፣ ቃል በቃል። "ጤና ይስጥልኝ፣ ጥርሴን ለመታየት ቀጠሮ ፈልጌ ነበር።" ከስሩ ሊጠይቁኝ የሚችሉትን፦ የትኛው ቀን ይመቸኛል፣ የካርድ ቁጥሬ ስንት ነው። ከዚያ ሳልቀመጥ፣ ቆሜ እደውላለሁ። ለምን ቆሞ እንደሚቀል አላውቅም፣ ግን ይቀላል። ስዘጋው ያናገረኝን ሰው ስምና የተባልኩትን እዚያው ወረቀት ላይ እመዘግባለሁ፤ በሚቀጥለው ስትደውሉ "ባለፈው ማክሰኞ እንዲህ ተብዬ ነበር" ማለት ብዙ ክርክር ይቆርጣል። ሰዓት አይቼ አውቃለሁ፣ ሁለት ወር የፈራሁት ስልክ ሦስት ደቂቃ አልሞላም።

ሌሎች ዝምተኞች

እነዚህን ቶሎ ቶሎ ልጥቀሳቸው። ፍሪጅ ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መሞቅ የለበትም፣ የበሰለ ምግብም ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆዩት፤ መጥፎ ባክቴሪያ ያለበት ምግብ ብዙ ጊዜ አይሸትም። በረኪናን አሲድ ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ለጽዳት ስትቸኩሉ ነው ይሄ የሚረሳው። ደም ግፊት ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ስለሚችል "ደህና ነኝ" ማለት መለካትን አይተካም። የጥርስ ብሩሽ በየሦስት ወይም አራት ወሩ ይቀየራል፤ እኔ ወቅት ሲቀየር እቀይራለሁ፣ ከዚያ የቀለለ ደወል አላገኘሁም።

አንዳንዱን ሥራ ደግሞ ከዝርዝሩ ሰርዙት። የአልጋ ልብስ አልተኩስም። ካልሲ በጥንድ አላጥፍም፣ ሁሉንም አንድ ዓይነት ገዝቼ ተገላግያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝርዝሬ ላይ የኖረውን "ፎቶዎችን በዓመት መለየት" አንድ ቀን በእስክሪብቶ ሰረዝኩት፣ ምንም አልሆነም። ስትሰርዙት ቅር ካላላችሁ ድሮም የእናንተ ሥራ አልነበረም።

የወጥ ቤቱ ቧንቧ አሁን ደህና ነው። ስፖንጁን ጣልኩት፤ ከስሩ የወጣውን አረንጓዴ ነገር አልገልጽላችሁም። ሰሞኑን ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት መንጫጫት ጀምሯል። ይሄኛው እንኳን ይጮኻል። "ማጠፊያው ላይ ዘይት ማንጠባጠብ" ብዬ ለቅዳሜ ጽፌዋለሁ። አምስት ደቂቃ ነው፣ አስር ይዤለታለሁ።