አንዲት የአውሮፓ አገር የራሷን የኑክሌር ጦር መሣሪያ ትታጠቅ? በክርክሩ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በመጋቢት 2025 መጀመሪያ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን የአገራቸው የኑክሌር ኃይል ለአውሮፓ አጋሮቿ ከለላ ስለሚሆንበት መንገድ ውይይት እንደሚከፍቱ አስታወቁ። ከሁለት ቀን በኋላ የፖላንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዶናልድ ቱስክ ለምክር ቤታቸው ሲናገሩ፣ ፖላንድ ከኑክሌር ጦር መሣሪያ ጋር የተያያዙ አማራጮችንም ልትመለከት እንደሚገባት ገለጹ። በጀርመንም ፍሪድሪክ ሜርዝ ገና ቻንስለር ሳይሆኑ ከፈረንሳይና ከብሪታንያ ጋር በዚሁ ጉዳይ መነጋገር እንደሚያስፈልግ ተናግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ፣ የራሷ የኑክሌር መሣሪያ የሌላት የአውሮፓ አገር ትታጠቅ ወይስ አትታጠቅ የሚለው ጥያቄ ከባለሙያዎች ጠረጴዛ ወጥቶ የሕዝብ መነጋገሪያ ሆኗል።

የእኔ አቋም ፖላንድም ሆነች ጀርመን የራሳቸውን ቦምብ መሥራት የለባቸውም የሚል ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄውን የሚያነሡትን ሰዎች ስጋት አልንቅም፤ ሩሲያ በየካቲት 2022 ዩክሬንን በሙሉ ኃይሏ ከወረረች በኋላ በዋርሶ የሚኖር ሰው ስለ ደኅንነቱ መጨነቁ ተገቢ ነው። የሚያሳስበኝ በሁለቱም ወገን የሚሰነዘሩት ክርክሮች በተደጋጋሚ በአንድ ዓይነት ስህተቶች ላይ መቆማቸው ነው።

ቦምብንና ጠላትን የሚገታ ኃይልን እንደ አንድ ነገር መቁጠር

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ክርክር “ጀርመን ሳይንቲስቱም ገንዘቡም አላት፣ ዩራኒየም ማበልጸግም ታውቃለች፤ ከወሰነች በጥቂት ዓመታት ትታጠቃለች” የሚል ነው። በእርግጥ በጀርመኗ ግሮናው ከተማ የዩራኒየም ማበልጸጊያ (ዩራኒየምን ለኑክሌር አገልግሎት እንዲበቃ የማጣራት ሥራ የሚሠራበት) ፋብሪካ አለ፤ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም አንድ ቦምብ ለመሥራት ሊበቃ ይችላል ብሎ በመለኪያነት የያዘው የፕሉቶኒየም (ከዩራኒየም ሌላ ቦምብ የሚሠራበት ንጥረ ነገር) መጠን 8 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ነገር ግን ጠላትን ከጥቃት የሚመልሰው በመጋዘን የተቀመጠ ቦምብ አይደለም። የሚመልሰው፣ ጠላት ቀድሞ ቢመታ እንኳ ከዱላው ተርፎ አጸፋውን ሊመልስ እንደሚችል ጠላት ራሱ የማይጠራጠረው ኃይል ነው።

ፈረንሳይ ይህን ለማረጋገጥ ስትል ከ1972 ጀምሮ ባሊስቲክ ሚሳዔል ከታጠቁት ሰርጓጅ መርከቦቿ ቢያንስ አንዱን ከባሕር ለይታ አታውቅም። አንዱን ዘወትር በውቅያኖስ ለማቆየት ደግሞ አራት መርከቦች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ሲሰማራ ሌላው ይጠገናል፣ ሌላው ለተረኛነት ይዘጋጃል። ፖላንድ ይህን መንገድ ልከተል ብትል ያላት ባሕር ባልቲክ ነው። የባልቲክ አማካይ ጥልቀት ወደ 55 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን መውጫውም በዴንማርክ በኩል ያሉት ጠባብ የባሕር ወሽመጦች ናቸው፤ ትልቅ ሰርጓጅ መርከብ ለመደበቅ ከዚህ የማይመች ቦታ ማግኘት ይከብዳል። መሣሪያውን በየብስ ላስቀምጥ ብትል ደግሞ የሩሲያ ግዛት የሆነችው ካሊኒንግራድ በቀጥታ ታዋስናታለች። ከዚህም በላይ ትእዛዙን የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ እርሱ ቢሞት ማን እንደሚተካው፣ የግንኙነት መስመሩ ሲመታ ትእዛዙ በምን መንገድ እንደሚደርስ የሚወስን ሥርዓት ገና ከመሠረቱ መዘርጋት አለበት። በክርክሮቹ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው ይህ ክፍል ነው፤ በእኔ ግምት ከቦምቡ ሥራ ይልቅ አስቸጋሪው ይኸው ነው።

ከዩክሬን ታሪክ የተሳሳተ ትምህርት መውሰድ

“ዩክሬን ቦምቧን ባትሰጥ ኖሮ ባልተወረረች” የሚለው አነጋገር በጣም ተለምዷል። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ በዩክሬን ምድር 1,900 የሚያህሉ የስትራቴጂያዊ (ረጅም ርቀት የሚመታ) መሣሪያ የኑክሌር አረሮች ቀርተው ነበር፤ ይህም ከዓለም ሦስተኛው ትልቁ ክምችት ነበር። ይሁን እንጂ የማስወንጨፊያው ሥርዓትና ኮዶቹ በሞስኮ ቁጥጥር ሥር ነበሩ፤ አዲሲቱ ዩክሬን በኢኮኖሚ ውድቀት ውስጥ ሆና አረሮቹን በራሷ እጅ ለማስገባት፣ ለመጠገንና ለማደስ ብዙ ወጪና ጊዜ ያስፈልጋት ነበር።

ከዚህ በመነሣት ግን “እንግዲያውስ ዩክሬን ያጣችው ነገር የለም” የሚሉትም ይሳሳታሉ። በድኒፕሮ ከተማ ግዙፍ የሚሳዔል ፋብሪካ ነበራት፤ ዕውቀቱና ባለሙያዎቹ ነበሯት፤ ከሁሉም በላይ የመደራደሪያ ጉልበት ነበራት። ያንን ጉልበት የለወጠችው በታኅሣሥ 1994 በቡዳፔስት ከሩሲያ፣ ከአሜሪካና ከብሪታንያ ጋር በተፈረመው ሰነድ ነው። ፈራሚዎቹ የዩክሬንን ድንበርና ነጻነት ለማክበር ቃል ገቡ እንጂ፣ ብትወረር ጦር ልከው ሊከላከሉላት አልተገደዱም። ሩሲያ በ2014 ክሪሚያን ስትይዝ ያ ቃል ፈረሰ።

እንግዲህ ከዩክሬን የሚወሰደው ትምህርት የመከላከል ግዴታ የሌለበት ቃል ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ነው። ፖላንድ ያለችበት ሁኔታ ከዚህ ይለያል፤ የኔቶ አባል ናትና በአንዱ ላይ የተሰነዘረ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተሰነዘረ የሚቆጥረው አምስተኛው አንቀጽ ይሸፍናታል። በእርግጥ ፖላንዳውያን በመስከረም 1939 ፈረንሳይና ብሪታንያ በጀርመን ላይ ጦርነት ቢያውጁም ለፖላንድ የሚደርስ ጦር አለመምጣቱን አልረሱም፤ ስለ ቃል ኪዳን ያላቸውን ጥርጣሬ በዚህ ዓይን ማየት ያስፈልጋል።

በውሳኔውና በመታጠቁ መካከል ያለውን ጊዜ መዘንጋት

የኑክሌር መሣሪያ የሚደግፉ ሰዎች አገሪቱን ከመታጠቋ በፊትና ከታጠቀች በኋላ ያወዳድራሉ፤ መካከል ያሉትን ዓመታት ግን ይዘሏቸዋል። አደጋው የሚከፋው በእነዚያ ዓመታት ነው። አገሪቱ ዓላማዋን ገልጣለች፤ መሣሪያው ግን ገና በእጇ የለም፤ ስለዚህ ጠላት ለመምታት ከፈለገ አመቺው ጊዜ ያኔ ነው። በሰኔ 1981 እስራኤል የኢራቅን የኦሲራክ የኑክሌር ማብላያ በአየር የደበደበችው በዚህ ስሌት ነበር፤ በሰኔ 2025 በኢራን የኑክሌር ተቋማት ላይ የተፈጸመው ድብደባም በዚሁ ዓይነት ስሌት ነው።

ዓመታቱ ደግሞ ጥቂት አይደሉም። ስዊድን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ በምስጢር ስታጠና ቆይታ በኦጌስታ ማብላያ ሠራች፣ በማርቪከንም ሌላ ጀመረች፤ እስከ 1968 ድረስ ከሃያ ዓመታት በላይ ብትደክምም አንድም ቦምብ አልነበራትም፣ በዚያው ዓመትም መሣሪያው እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ስምምነት ፈርማ ሐሳቡን ተወችው። ለውሳኔው ከረዱት ምክንያቶች አንዱ፣ የቦምቡ ወጪ የመደበኛውን ጦር፣ በተለይም የአየር ኃይሉን፣ በጀት እንደሚበላ የጦር መኮንኖቹ ራሳቸው መገንዘባቸው ነው። ይህን የስዊድን ታሪክ ከማንኛውም የዛሬ ንድፈ ሐሳብ አስበልጬ እመለከተዋለሁ፤ ምክንያቱም ሀብታም፣ የተማረች፣ የራሷን ተዋጊ አውሮፕላን የምትሠራ አገር በጥሞና መዝና የደረሰችበት ውሳኔ ነው። በመጋቢት 2024 ኔቶን ስትቀላቀልም ያለ ቦምብ ነው።

ስምምነቶችን እንደ ወረቀት ብቻ ማየት

የኑክሌር ጦር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ስምምነት በአሥረኛው አንቀጹ አንድ አገር በሦስት ወር ማስታወቂያ እንድትወጣ ይፈቅዳል፤ ሰሜን ኮሪያ በ2003 የተጠቀመችው ይህንኑ ነው። በሩ ክፍት ቢሆንም ከበሩ ውጭ የሚጠብቀው ከባድ ነው። ፖላንድ በባልቲክ ዳርቻ የመጀመሪያዋን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የመረጠችው የአሜሪካ ቴክኖሎጂ ነው፤ ከስምምነቱ በወጣች ማግሥት ያንን ትብብር ይዛ መቀጠል አትችልም። የጀርመን ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ጥልቅ ነው። በመስከረም 1990 በሞስኮ የተፈረመውና ለሁለቱ ጀርመኖች ውሕደት መንገድ የከፈተው ውል በሦስተኛው አንቀጹ ጀርመን የኑክሌር፣ የባዮሎጂና የኬሚካል መሣሪያ እንደማትይዝ ይደነግጋል። ይህን ቃል ማፍረስ የውሕደቷን መሠረት ከመነካካት አይለይም።

የሌላን አገር መሣሪያ እንደራስ መቁጠር

በጀርመኑ የቢውሽል ጦር ሰፈር የአሜሪካ የኑክሌር ቦምቦች እንደሚገኙ ይታወቃል፤ በጦርነት ጊዜም ቦምቦቹን የሚሸከሙት የጀርመን አውሮፕላኖች ናቸው። ነገር ግን ያለ አሜሪካ ፕሬዚዳንት ፈቃድ አንዳቸውም አይተኮሱም። የፈረንሳይ ከለላም ቢሆን እንደዚሁ ነው፤ ማክሮን የመጨረሻው ውሳኔ በፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት እጅ እንደሚቆይ በግልጽ ተናግረዋል። ብሪታንያ ሚሳዔሎቿን የምታገኘው ከአሜሪካ ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ከለላው ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም። እኔ ራሴ የምደግፈው ይህንኑ መንገድ ማጠናከርን ነው፤ ብሪታንያና ፈረንሳይ በሐምሌ 2025 የኑክሌር ኃይላቸውን ለማቀናጀት መስማማታቸውም ትልቅ እርምጃ ነው። የተለያዩ የባለቤትነት ደረጃዎችን የሚያደባልቅ ሰው ግን የሚጠይቀው ምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

ስለ ወጪ ማውራት ሲነሣ አንድ ቁጥር ይበቃል፤ ብሪታንያ አራት ሰርጓጅ መርከቦቿን በአዲስ ለመተካት ብቻ 31 ቢሊዮን ፓውንድ መድባለች፤ ከዚያ በላይ 10 ቢሊዮን በመጠባበቂያነት ይዛለች፤ ይህም ከሰባ ዓመት በላይ ልምድ ያላት አገር ወጪ ነው።

የሙከራውን ቦታ አለመጠየቅ

ይህ ስህተት ለአፍሪካውያን አንባቢዎች ባዕድ አይደለም። ፈረንሳይ በየካቲት 1960 የመጀመሪያ ቦምቧን ያፈነዳችው በአልጄሪያ በረሃ፣ በሬጋን ነበር። ጋና በተቃውሞ የፈረንሳይን ንብረት አገደች፤ ናይጄሪያም በቀጣዩ ዓመት ከፈረንሳይ ጋር የነበራትን ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አቋረጠች። ብሪታንያ ደግሞ የመጀመሪያዋን በ1952 ያፈነዳችው በአውስትራሊያ ጠረፍ ነው። ሁለቱም መሣሪያቸውን የፈተሹት በሌሎች ሕዝቦች ምድር ነው፤ የጨረሩን ጉዳትም የተሸከሙት በአብዛኛው እነዚያ ሕዝቦች ናቸው።

ዛሬ ፈረንሳይ አረሮቿን ያለ ፍንዳታ በኮምፒውተርና በሌዘር የምትፈትሸው ከሁለት መቶ በላይ ከሆኑ የቀድሞ ሙከራዎቿ በሰበሰበችው መረጃ ተደግፋ ነው። አዲስ የምትጀምር አገር ይህ መረጃ የላትም። ፖላንድም ጀርመንም የኑክሌር ሙከራን ሙሉ በሙሉ የሚያግደውን ስምምነት አጽድቀዋል፤ በረሃም ሆነ ሩቅ ደሴት የላቸውም። ስለዚህ በዋርሶ ወይም በበርሊን የራሳችን ቦምብ ይኑረን የሚል ፖለቲከኛ ከየትኛው መንደር አጠገብ እንደሚሞክረው ለመራጮቹ አስቀድሞ ሊነግራቸው ይገባል።